የድራሙ ብርድ ልብስ

ሰባት ሰው፣ አንድ አባዱላ፣ ሁለት ጄኔሬተር፤
ሁለተኛው አይነሣም፣ ለወጉ ነው የሚዞር።
ከደብረ ብርሃን የወጣን በጥቅምት መባቻ፣
ዛሬ ሠላሳ አንድ ቀን፣ እረፍቱ ሦስት ሌት ብቻ።
የምንጫወተው ሮክ ነው፤ ገበያ የለውም በአገሩ፣
ሠርግ ቤት አይጠሩንም፤ አንዴ ጠርተው አባረሩ።

የእኔ ሥራ ገመድ ነው፤ መዘርጋት፣ መጠቅለል፣
አንዴ በውስጥ፣ አንዴ በውጭ፣ እንዳይቋጠር ማባበል።
ማንም አያየኝም። የታየሁ ዕለት
ወይ አንድ ነገር ጮኋል፣ ወይ ጠፍቷል መብራት።

መሐል ሜዳ የገባን ጉም መንገዱን በልቶ፣
አጎናፍር ሲነዳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፤
እኔ ከፊት በእግሬ፣ ባትሪ እያበራሁ፣
"ቀኝ! ቀኝ! ኧረ ገደል!" እያልኩ እየመራሁ።

የወረዳውን አዳራሽ ለምነን፣ ጠርገን፣
ሁለት መቶ ወንበር በሰልፍ ደርድረን፣
አሥራ አንድ ሰው መጣ።
ቆጠርን፤
ደግመን ቆጠርን።
ከአሥራ አንዱም አንደኛው ዘበኛው ነበር፣
ትኬት ያልቆረጠ፣ ሊዘጋ የመጣ በር።

"ግማሹን እንዝለለው" አለ ናሁሠናይ፣
ጣቱን ብብቱ ወሽቆ፣ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ።
ምንውየለት የድራሙን ብሎን ያጠብቃል፤
ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ መንገድ ወጥቷል፣ ወርዷል።
ቀና አላለም።
"የቀሩት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ናቸው" አለ፣
"እነዚህ የመጡት ምን በደሉ?"

ሃያ ሁለቱንም ዘፈን ተጫወትን።
የእታፈራሁ ትንፋሽ ከቃሏ ቀድሞ ይታያል፣
ነጭ ሆኖ ይወጣና ማይኩን ያረጥበዋል።
በአራተኛው ላይ መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ አስሎ፣ አስሎ፣ እምቢ ሲል፣
አጎናፍር በዳበሳ፣ አንዲት ቃል ሳይል፣
ከማይሠራው ካንዴላ ነቅሎ ለሚሠራው ሰጠ።
ያ ሬሳ የዞረበትን ኪራይ ያን ሌሊት ከፈለ።

በአሥራ ሁለተኛው ዘበኛው ተቀመጠ።
በቁልፎቹ ጭኑን ይመታ ጀመር፤
ትንሽ ይዘገያል፣ ግን አይስትም ነበር።

"ነገም አላችሁ?" አለኝ፣ ስፒከሩን በአንድ ጎን ይዞልኝ።
"ነገ ሸዋ ሮቢት።"
"እዚያስ ሰው ይመጣል?"
"እንጃ።"

ሌሊት ከትልቁ ድራም ሆድ ብርድ ልብሱን አወጣን፤
የደብረ ብርሃን ፋብሪካ፣ ጠርዙ የተተረተረ፣
ምሽት ድምፅ ያፍናል፣ ሌሊት ሦስት ሰው ያለብሳል።
ተራው የእኔ አልነበረም።
መጋረጃ ለብሼ ተኛሁ።
ምንውየለት በእንቅልፉ ጉልበቱን ይመታል፤
ያቺን ዘጠነኛዋን፣
መጨረሻዋ ላይ የተጣደፋትን።

ንጋት ላይ ጣርማ በር፤ ዋሻው ዋጠን፣ ተፋን፣
ከብርዱ ወደ ቆላው ቁልቁል ገፋን።
ደብረ ሲና ላይ ቆሎ። የአሥራ አንድ ሰው ገቢ
(የአሥር ማለቴ ነው)
ለቆሎ ይበቃል፣ ናፍጣው በዱቤ ነው።

ቁልቁለቱን ከፍሬኑ ቀድሞ የጊታር ክር ያውቀዋል፤
ሙቀት ሲሸተው ይለግማል፣ ድምፁ ይወርዳል።
ናሁሠናይ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ጆሮውን አስጠግቶ
ያጠብቃል፤ በየመታጠፊያው ያጠብቃል፤
አርማንያ ላይም ገና ያጠብቃል።
ማንም አላዘዘውም።

ሸዋ ሮቢት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አስፋልቱ ይለጠፋል፤
ሸዋንግዛው ሸሚዙን አውልቆ ቤዙን ያወርዳል።
ገመዱን ስፈታ አንድ የጓሳ ሣር ወደቀ፣
ከነጉሙ ጠቅልዬው ኖሯል፣ እንደራሰ፣ ያልደረቀ።
ብርድ ልብሱም እንዲሁ። ምንውየለት ጨመቀው፣
አሸተተው፤ ወደ ድራሙ ሆድ መልሶ ወሸቀው።

"አንድ፣ ሁለት" እላለሁ በማይኩ፣ ለወንበሮቹ።
"አንድ፣ ሁለት።"
ከኋላ የሆነ ሰው በር ከፍቶ ዘጋ።
ይግባ ይውጣ አላየሁም።
"ሦስት" አልኩ።